አናጺ የሠራው የቁመት መለኪያ ሰሌዳ፤ የአንዲት የሕፃናት ነርስ ግምገማ

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያይ ክፍል አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብትባሉ፣ ከሚዛኑም ከክንድ መለኪያውም በፊት የቁመት ሰሌዳ ግዙ። ጥሩ አናጺ ካገኛችሁ ደግሞ ከውጭ እስኪመጣላችሁ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። እዚህ የምገመግመው ሰሌዳ የክፍላችን ሠራተኞች አዋጥተን እዚሁ ከተማ አናጺ ቤት ያሠራነው ነው። ክረምትም በጋም አልፎበታል፤ ያለቀሱበትም የሳቁበትም ልጆች ብዙ ናቸው። ጉድለት አለው፣ እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ስለ ሰሌዳው ከማውራቴ በፊት ስለ ልጆቹ ትንሽ ልበል። እናት ልጇን ለክትባት ይዛ የምትመጣበት ጊዜ በ15 ወር፣ በሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ያበቃል። ወርኃዊው የክብደት ክትትልም ዋና ትኩረቱ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ እስከ 59 ወሩ በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ፣ ከ24 ወር ጀምሮ ደግሞ የትላትል መድኃኒት ይወስዳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በዘመቻ ስለሆነ ጠብታው አፉ ከገባ በኋላ ማንም ቀጥ አድርጎ አያቆመውም። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሲያስለው፣ ጆሮው ሲመግል ወይም ሲያስቀምጠው ነው። ለሳሉ በመጣበት ዕለት ካልለካነው የሚለካበት ሌላ ቀን የለም። ብዙ ቦታ ግን ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ክንዱ ይለካል፣ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል። ቁመቱን የሚጠይቅ የለም።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ በቁጥር ላሳያችሁ። አራት ዓመት የሞላው አንድ ወንድ ልጅ መጣ እንበል። 14 ኪሎ ይመዝናል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የዚህ ዕድሜ ወንዶች መካከለኛ ክብደት 16.3 ኪሎ ነው፤ አደጋ የምንለው መስመር ደግሞ 12.7 ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ ቀለል ያለ ነው እንጂ ከመስመር አልወጣም። የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፣ አረንጓዴ። እግሩ ላይ እብጠት የለም። እዚህ ላይ ብናቆም «ደህና ነው» ብለን እናሰናብተዋለን። ሰሌዳው ላይ ስናቆመው ግን 94 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 103.3 ነው፤ ዝቅተኛው መስመር 94.9። ልጁ ቀንጭሯል። ክንዱም ሚዛኑም ያልነገሩን ለአጭር ቁመቱ ክብደቱ ልክ ስለሆነ ነው፤ አልከሳም፣ አጭር ሆኖ ተመጣጥኖ ነው ያደገው።

በዓይን ማየት አይበቃም ወይ የሚል ባልደረባ አለኝ። እንደ እኛ ባለ አካባቢ አይበቃም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች 38 በመቶ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል 46 በመቶ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት የሀገሪቱ ቁጥር 37 በመቶ ሆነ። ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀረው ልጅ አጭር በሆነበት አካባቢ ዓይናችን አጭሩን ልክ ነው ብሎ ይለምዳል። እናትም ልጇን ከጎረቤት ልጅ ጋር አስተያይታ ምንም አልጎደለበትም ትላለች፤ የጎረቤቱም ልጅ እንደዚያው ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ የተሠራው በፈረንጅ ልጆች ነው የሚሉም አሉ። ይህንን በትዕግሥት መመለስ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው መለኪያ የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ከተለኩ ወደ 8,500 የሚሆኑ ልጆች ነው። ጡት የጠቡ፣ በቂ ምግብና ንጹሕ ቤት ያገኙ የአክራና የሙስካት ልጆች ከኦስሎ ልጆች ጋር እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ነው ያደጉት። በአምስት ዓመቱ የቀነጨረን ልጅ «በዘሩ ነው» ብለን ማለፍ አንችልም።

አሁን ወደ ዕቃው። የጀርባ ጣውላው 125 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ይበቃል፣ በዚያ ዕድሜ መካከለኛው 110 ስለሆነ። እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ በደንብ የደረቀ። አናጺው በመጀመሪያ በችፑድ እንሥራው፣ ዋጋው ይቀንስላችኋል ብሎን ነበር። እሺ ባለማለታችን ደስ ይለኛል፤ ችፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ እኛ ደግሞ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ እንወለውለዋለን። መቆሚያው ሰፊ ስለሆነ ልጅ ሲወጣበት አይንገዳገድም። በጣውላው ፊት ላይ ከላይ እስከ ታች ጎድጓዳ መስመር ወጥቶለት፣ ጭንቅላት ላይ የሚያርፈው ተንሸራታች እንጨት በዚያ ይሄዳል። ጎን ላይ የብረት ሜትር ተለጥፎበታል። ለተኝቶ መለኪያም እንዲሆን ስላሠራነው ለሕፃናት ስናጋድመው ተንሸራታቹ የእግር ማሳረፊያ ይሆናል። ሁሉም ነገር ወደ 5,000 ብር አካባቢ ወጣበት፤ ለአንድ ሰው ብዙ ነው፣ ለክፍል ግን ብዙ አይደለም።

ሲያስረክበን ግን ችግር ነበረበት፤ አናጺው ከሆስፒታል ዕቃ ጋር ሠርቶ ስለማያውቅ ነው። ሜትሩን ሲለጥፍ ዜሮውን ከመቆሚያው ወለል 4 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ ነው የጀመረው። በዓይን አይታይም። ብረታ ብረት ቤት ያስቆረጥነው ልክ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ ነበረን፤ እሱን ሰሌዳው ላይ ስናቆመው 99.6 አነበበ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ በየቀኑ የሚቆሙበትን ልጆች ሁሉ 4 ሚሊ ሜትር ያሳጥራል፤ መስመሩ ላይ ያለውን ልጅ ደግሞ ከመስመር በታች ይጥለዋል። አናጺው ሳያጉረመርም ሜትሩን ነቅሎ እንደገና ለጠፈው። ሁለተኛው ነገር ተንሸራታቹ ነው፤ ከጀርባ ጣውላው ጋር ዘጠና ዲግሪ መሥራት አለበት። ጫፉ ትንሽ ወደ ታች ካዘነበለ ልጁን ያስረዝመዋል፣ ወደ ላይ ከተነሣ ያሳጥረዋል። በስኳድራ አረጋግጡት። መቆሚያው የሚያርፍበትን ወለል በውሃ ልክ ማየትም ጥሩ ነው። የእኛ ክፍል ወለል አንድ ጥግ ላይ ስለሚሰምጥ ሰሌዳውን ቦታ ቀየርንለት።

የክረምቱን ነገር ማንም አልነገረንም ነበር። ሐምሌና ነሐሴ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ተንሸራታቹ ይጣበቃል። በግድ ሲገፋ ደግሞ ድንገት ይለቅና የልጁን አናት ይመታል፤ አንድ ጊዜ የተመታ ልጅ ዳግመኛ አይቆምም። ጎድጓዳውን ጧፍ አሸንበት ተስተካከለ፤ እስከ መስከረም በየሳምንቱ እንደግመዋለን። በረኪና የሜትሩን ቁጥሮች ያደበዝዛል፤ በሳሙና ውሃ ብቻ ማጽዳት ይሻላል። የመቆሚያው ብሎኖች ደግሞ ልጆች ስለሚዘሉበት ይላላሉ፣ መፍቻ ከአጠገቡ አይጥፋ። ክብደቱም ቀላል አይደለም። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተሸክሞ ቤት ለቤት ለመሄድ አይሆንም፤ ለክፍል ብቻ ነው።

ሰሌዳው የቱንም ያህል ቢስተካከል በትክክል ካላቆሙበት ዋጋ የለውም። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ እግርና ጉልበት ይይዛል፣ ሌላው አገጭ ይዞ ያነባል። እኛ ዘንድ ሁለተኛዋ ብዙ ጊዜ እናትየዋ ናት፣ ጉልበቱን መያዝ በአንድ ደቂቃ ትማራለች። ተረከዝ፣ ባት፣ መቀመጫ፣ ትከሻና የጭንቅላት ጀርባ ጣውላውን ይንኩ። አንዳንድ ወፍራም ልጅ አምስቱም አይነኩለትም፤ አታስገድዱት፣ ሰውነቱ ቀጥ ይበል ብቻ። ዓይኑ ፊት ለፊት ወደ እናቱ ይይ፤ ወደ ጣሪያ ካየ ቁመቱ ይቀየራል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይጋጠማል፣ በሦስትና በአራት ዓመት የተለመደ ነው፣ አብዛኛው እስከ ሰባት ዓመት ይስተካከላል። እነዚህን ልጆች ተረከዝ ከተረከዝ ካጋጠማችሁ ጉልበታቸው ይደራረባል፤ ጉልበታቸው እንዲነካካ አድርጋችሁ እግራቸውን ትንሽ ለዩት። እግሩ ወደ ውጭ የተለመጠ፣ የእጅ አንጓው ወፈር ያለ ልጅ ከመጣ ግን የአጥንት ልስላሴ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ማሳየት ነው።

ፀጉር! ስለ ፀጉር ማንም ስልጠና ላይ በበቂ አይናገርም። ለበዓል የተሠራች ሹሩባ አናት ላይ ከተጠቀለለች ሴንቲ ሜትር አልፋ ትሄዳለች። ቁንጮ ያለው የገጠር ልጅም እንደዚያው። ተንሸራታቹን ጫን አድርጎ ፀጉሩን መጨፍለቅ ይበቃል፤ የተጠቀለለው ሹሩባ ግን መፈታት ወይም ወደ ጎን መደረግ አለበት። እናት ሹሩባውን ለመሥራት ግማሽ ቀን ስላጠፋች ትከፋለች፤ ቀስ ብዬ ምክንያቱን ስነግራት እሺ ትላለች። አንድ ሴንቲ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ልጅ ከሦስት እስከ አምስት ዓመቱ በዓመት ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ነው የሚያድገው፣ በወር ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ። የአንድ ሴንቲ ሜትር ስሕተት የሁለት ወር ገደማ ዕድገት ይውጣል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ እንለካለን፣ ልጁ ከሰሌዳው ወርዶ እንደገና ይወጣል። የሁለቱ ልዩነት ከ0.7 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሁለቱንም ሰርዘን እንደገና እንጀምራለን። ይህን ወሰን መለኪያውን ያወጡት ተመራማሪዎችም ተጠቅመውበታል።

መቆም እምቢ ያለ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ካለ ተኝቶ ይለካና 0.7 ሴንቲ ሜትር ይቀነስለታል። ከሁለት ዓመት በታች ሆኖ ቆሞ የተለካ ደግሞ 0.7 ይጨመርለታል። ይህቺን ቁጥር ሰሌዳው ጀርባ ላይ በቀለም ጽፈናታል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ዕድገት ነው። ይህን ሰሌዳ በጣም እንድወደው ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሚዛን ላይ ልጁ ይሰቀላል ወይም ይቀመጣል፤ የሚጠበቅበት ነገር የለም። የክንድ መለኪያውም በእናቱ ጭን ላይ እያለ ይታሰርለታል። ሰሌዳው ግን ያለ ልጁ ፈቃድ አይሠራም። ጫማውን ማውለቅ፣ መውጣት፣ መዞር፣ የሚባለውን መስማት፣ ፀጥ ብሎ መቆም አለበት። ያ ሁሉ ሲሆን ዓይኑ ላለው ነርስ የልጁ ዕድገት ምርመራ ግማሹ ተካሂዷል። ለብቻው ጊዜ የማናገኝለትን ምርመራ፣ በቀን ስንት ልጅ እንደምናይ እናንተም ታውቁታላችሁና፣ በቁመት ልኬቱ ውስጥ እናካሂደዋለን።

እኛ ከበሩ እስከ ሰሌዳው ያለው ወለል ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሠርተናል። ልጁን «እየዘለልክ ና» ስንለው የትኛውን እንደሚችል ይታያል። የሦስት ዓመት ልጅ ሁለት እግሩን አጋጥሞ ይዘላል፤ አራት ሲሞላው በአንድ እግሩ ጥቂት መዝለል ይጀምራል፤ በአምስት ዓመቱ ሰኞ ማክሰኞውን እየሳቀ ይጨርሰዋል። ፈርቶ ያልዘለለውን ልጅ አይችልም ብለን አንመዘግበውም፤ ቤት ውስጥ ይዘላል ወይ ብለን እናቱን እንጠይቃለን። መሬት ተቀምጦ ጫማውን ካወለቀ በኋላ ሲነሣ ደግሞ እዩት። ጤነኛ የአራት ዓመት ልጅ ሲነሣ ልብ አትሉትም፣ ፈጣን ነው። እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ እያስደገፈ በራሱ እግር ላይ እየወጣ የሚነሣ ወንድ ልጅ ካያችሁ፣ በተለይ ባቱ ወፈር ካለ፣ የጡንቻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ያለ ቀጠሮ ለሐኪም ይተላለፍ። ይህ በሚዛን አይገኝም።

ንግግሩም በዚያው ይመጣል። «ስምህ ማነው የኔ ጌታ? ጫማህን ማን ገዛልህ? ከማን ጋር መጣህ?» የሦስት ዓመት ልጅ ሦስት ቃል አገናኝቶ ይመልሳል፤ ለእኔ ለማያውቀው ሰው ከሚናገረው አብዛኛው ሊገባኝ ይገባል። አራት ዓመት የሞላው ንግግሩ ሙሉ በሙሉ ይገባኛል፣ ትናንት የሆነውንም ይተርክልኛል። አምስት ዓመት የደረሰችን ሴት ልጅ «እንቆቅልሽ» ብላት «ምን አውቅልህ» ትለኛለች፤ እንደ ወንድ ትጠራኛለች፣ ምክንያቱም እንቆቅልሹን የተማረችው ከወንድሟ ነው፣ ንግግሯ ግን ተሟልቷል። ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖት ሁለት ቃል ማገናኘት ያልቻለ ልጅ ያሳስበኛል። ትእዛዜን የሚፈጽመው ከንፈሬን ሲያይ ብቻ የሆነ ልጅም ያሳስበኛል፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ ጆሯቸው ደጋግሞ የመገለ ልጆች ናቸው፣ መጀመሪያ የሚታየው መስማታቸው ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ይናገረው የነበረውን ቃል ወይም ይሠራው የነበረውን ነገር የተወ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ሪፈር ይጻፍለታል።

የእጁን ሥራ የምናየው በሥዕል ነው፤ ሦስት ዓመት ክብ፣ አራት ዓመት መስቀል፣ አምስት ዓመት ባለ ሦስት ማዕዘን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። እርሳስ ይዞ የማያውቅ የገጠር ልጅ ክብ አልሣለም ብሎ ዘግይቷል ማለት በደል ነው። ብዙ ነርሶች የሚያውቁት የዴንቨር የልጆች ዕድገት መመርመሪያ ራሱ እንዳለ ሲወሰድ ለእኛ ልጆች ስለማይስማማ ነው በጅማ ለአካባቢው ልጆች ተስተካክሎ የተዘጋጀው። እኔ ለእንዲህ ያለ ልጅ ጠመኔ ሰጥቼ ወለሉ ላይ አሥላለሁ፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መሬት ላይ በእንጨት መጫር ያውቃል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አንዱ የአራት ዓመት ልጅ መስቀል ብቻ ሳይሆን ጫፎቹን ሁሉ አስጊጦ ሣለልን፤ አያቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ ነው። ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ይነዳል ወይ የሚለውንም ጥያቄ ትቼዋለሁ፤ ደረጃ ሲወጣ እግሩን እያፈራረቀ ነው ወይ የሚለው ይበቃኛል።

ሰሌዳው ምንም ቢስተካከል የማያድነን አንድ ነገር ዕድሜ ነው። እናት «ለጥምቀት አራት ይሞላዋል» ትላለች፤ እኛ ደግሞ የልደቱን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የጉብኝቱን ቀን በፈረንጅ እየጻፍን ዕድሜ እናሰላለን። ሁለቱንም ቀን በአንድ አቆጣጠር ማድረግ ግዴታ ነው። አራት ዓመት የሆነውን ልጅ አራት ተኩል ነው ብላችሁ ከመዘገባችሁ የሚነጻጸርበት መካከለኛ ቁመት ከ103.3 ወደ 106.7 ይወጣል፤ ደህናውን ልጅ የቀነጨረ አደረጋችሁት ማለት ነው። የክትባት ካርድ ካለ ከካርዱ፣ ከሌለ በዓላትን እያስታወስን እናቱንና አያቱን እናጠያይቃለን። የትኛው ታላቅ ልጅ ያኔ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ሌሎቹን ዕቃዎች ስለማውቃቸው ጥቂት ልበል። ተንጠልጣዩ ባለ 25 ኪሎ ሳልተር ሚዛን ለሕፃናት ጥሩ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን በዚያ ሱሪ መሰቀልን ይጠላል፣ ይወራጫል፣ መርፌው አይቆምም። እናትና ልጅን አብሮ የሚመዝነው ኤሌክትሮኒክ ሚዛን በጣም ይሻላል። ደብረ ብርሃን ላይ የሚዛን ትልቁ ጠላት ብርድ ነው፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ለብሶ የመጣን ልጅ ሳያወልቁ መመዘን በወር 170 ግራም ገደማ የሚጨምርን ልጅ ክትትል ከንቱ ያደርገዋል። የክንድ መለኪያውን ሁልጊዜ እጠቀምበታለሁ፣ የከሳውን ልጅ በአንድ ደቂቃ ያገኛል፣ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ለስድስት ወር ሕፃንም ለ59 ወር ልጅም ወሰኑ አንድ ስለሆነ በትልልቆቹ ላይ የከሳውን የመለየት አቅሙ ደከም ይላል፤ መቀንጨርን ደግሞ ጭራሽ አይነግረንም። በየመዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት የቀጭኔ ሥዕል ያለባቸው መለኪያዎች ለጌጥ ይሁኑ። ሲለጠፉ ከወለሉ ስንት ላይ እንደጀመሩ የሚያጣራ የለም፣ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍም ነገር የላቸውም፣ መምህሯ በመዳፏ ነው የምትገምተው። ለሀገራዊ ጥናት የሚመጣው የአሜሪካው ሾር ቦርድ ከእኛው ሰሌዳ ይበልጣል፣ ልዋሽ አልችልም፤ ተንሸራታቹ ክረምት ከበጋ አይጣበቅም። የሚነቃቀለው ሴካ 213 ደግሞ ቀላል ስለሆነ ለመስክ ሥራ እሱን እመርጣለሁ፤ ቆሞ ብቻ ነው የሚለካው፣ መገጣጠሚያዎቹም በደንብ ካልገቡ ንባቡን ያዛባሉ። አንዳቸውን በእጃችሁ ካላችሁ አናጺ ቤት አትሂዱ። ከሌላችሁ ግን ያ ምክንያት ሆኖ ልጆች ሳይለኩ አይሂዱ።

አንድ ባልደረባዬ የአራት ዓመት ልጅ ቀንጭሯል ብንል ምን ልናደርግለት ነው፣ ጉዳቱ ከሁለት ዓመት በፊት አልፏል አለችኝ። እውነት አላት፤ አብዛኛው መቀንጨር የሚሆነው ከእርግዝና እስከ ሁለተኛ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ግን የዚያ ልጅ እናት ብዙ ጊዜ እርጉዝ ናት ወይም የሚጠባ ሕፃን ታቅፋለች፤ የታላቁ ቁመት የታናሹን አደጋ ይነግረናል። ከአንዱ ልኬት ወደሚቀጥለው በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ማደግ ሲገባው አንድ ብቻ ያደገ ልጅ ደግሞ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የልብ ወይም የአንጀት ችግር ሊኖረው ስለሚችል መመርመር አለበት። ደግሞም የዚህ ዕድሜ ልጆች እናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ስጋት አላቸው፤ «ሲስተር፣ ልጄ ሆዱ ገባ፣ ፊቱ ጠወለገ፣ ከሳብኝ» ይሉኛል። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጅ ሆዱ መግባቱ፣ እግሩ መርዘሙ፣ የሕፃንነት ስቡ መቀነሱ የተፈጥሮ ነው። ቁመቱ በመስመሩ እየሄደ፣ ክብደቱም በዓመት ሁለት ኪሎ እየጨመረ ከሆነ ሰንጠረዡን አሳይቼ አረጋጋታለሁ፤ ያለ ቁመት ልኬት ያንን ማለት አልችልም።

የቀነጨረ ልጅ እናት ጋ ስደርስ ቃሌን እመርጣለሁ። ወላጅ ያጎደለው ነገር እንዳለ አድርጌ አልናገርም። ነጥቡን ካርዱ ላይ አሳያታለሁ፣ ዛሬ እዚህ ነው፣ በስድስት ወር እንገናኝና የት እንደደረሰ አብረን እናያለን እላታለሁ። እንቁላል ቤቷ ካለ ሸጣ ከምትጨርሰው ለልጆቹ እንድታስቀር፣ ሽሮው ላይ ዘይትና አረንጓዴ ነገር እንድትጨምር፣ ከተቻለ ወተት እንድትሰጠው እነግራታለሁ፤ እዚህ አካባቢ ላም ያለው ብዙ ነው፣ ወተቱ ግን ለገበያ ይሄዳል። ደግሞ ልጁ በሰሌዳው ላይ ያደረገውን ሁሉ አወድስላታለሁ፤ በአንድ እግሩ መዝለሉን፣ ስሙን ጥርት አድርጎ መናገሩን። እናት ልጇ ብልህ እንደሆነ ሰምታ ከሄደች ለቀጠሮው ትመለሳለች።

ልታሠሩ ከወሰናችሁ ለአናጺው ይህን ንገሩት፦ የደረቀ ጣውላ፣ ችፑድ አይሁን፤ ከፍታው ከ125 ሴንቲ ሜትር አያንስ፣ መቆሚያው ሰፊና ጠርዙ የተሞረደ፤ የሜትሩ ዜሮ ልክ በመቆሚያው ወለል ላይ፤ ተንሸራታቹ በስኳድራ የተፈተሸና ወፍራም፣ ቀጭን ከሆነ ይወዛወዛል። ቫርኒሹ ሦስት ጊዜ ይቀባ፣ ውስጡ ጎድጓዳው ግን አይቀባ፣ ይጣበቃል። ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትስጡ፤ ሲያስረክባችሁ ባለ 100 ሴንቲ ሜትሩን ዘንግ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው አቁማችሁ አንብቡ፣ ቀሪውን ብር ከዚያ በኋላ ክፈሉት።